የታፔላው ቀኝ ግርጌ

መቱ ከተማ ውስጥ ታፔላ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሃሉን ያነባል፤ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ። እኔ ቀድሜ የማየው ቀኝ ግርጌውን ነው። እዚያ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ የጻፈው ሰው ስምና ስልክ ይገኛል። በግሉ መሥራት ለጀመረ ሰው፣ በዘመኑ አጠራር ለፍሪላንሰር፣ ራስን ማስተዋወቅ ምን ዓይነት ሙያ እንደሆነ ከዚህች ጥግ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ጥጓን የሚያስከብራት ግን መሃሉ ነው፤ የመቱ ታፔላ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የሶር ወንዝ ጎረቤት የሆነችው ይህች ከተማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ላይ ናት፤ ቅርቧ ያለችው ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈገፈግ፣ አንቲረስት ሳይቀባ ዘይት ቀለም ከተለቀለቀበት፣ ክረምቱ ሳይወጣ ከምስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ዝገት ይወርድበታል። ጥሩ ሠሪ ጠርዙንም ጀርባውንም ይቀባል። ጀርባውን ዓይቶ የሚያመሰግነው ሰው የለም፤ ውሃው ግን በዚያም በኩል ይመጣል።

ከዚያ ቀጥሎ ቦታ መደልደል አለ። ኦሮምኛ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል፣ አንዳንዴ እንግሊዝኛም ተጨምሮ በአንድ ላሜራ ላይ ይሰፍራሉ። «ምግብ ቤት» 5 ፊደል ነው፤ የኦሮምኛ አቻው «ማነ ኛታ» በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው እየተደገመ 11 ይደርሳል። ያልበሰለ እጅ በሰፊው ይጀምርና መጨረሻ ላይ ፊደሎቹን ያፋፍጋቸዋል። የበሰለው በክር አስምሮ፣ በጠመኔ ነድፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ካየው በኋላ ነው ብሩሽ የሚያነሳው። «መቱ» የሚለውን የከተማዋን ስም እንኳ ልብ ብላችሁ እዩት፤ የ«መ» ሁለት ክቦች እኩል ካልተነፉ ቃሉ በሙሉ ያዘነብላል። እኔ እጅ የምመዝነው ግን በ«ቤ» ነው። በቀኝ እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት መሃሏ በቀለም ሳይደፈን ከቀረ፣ ሰውየው ብሩሹን ምን ያህል ማጠጣት እንዳለበት ያውቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ስሙን ሲያሰፍር ከደንበኛው ስም ጋር አይጋፋም። ፊደሉን ያሳንሳል፤ ለፊደሎቹ ጥላ በበጠበጠው ቀለም ይጽፈዋል፤ ስልኩን ከ09 ቀጥሎ ሁለት ሁለት እያደረገ ይከፋፍለዋል፣ አላፊው በቃሉ እንዲይዘው። «ጥራት ያለው ሥራ» ብሎ አይጨምርም። ጥራቱ ከላይ ተጽፏል።

ችግሩ የመጀመሪያው ታፔላ ነው፤ ስም ለሌለው ማን ሥራ ይሰጣል? እዚህ ላይ ጽኑ እምነት አለኝ፦ ጀማሪ ዋጋ መቀነስ ካለበት፣ በቀነሰው ልክ ጥጓን ይጠይቅ። ያውም ሰው በሚበዛበት፣ መናኸሪያ አጠገብ ላለች ጁስ ቤት ወይም ገበያ መግቢያ ላይ ላለ ፀጉር ቤት። ከበደሌ፣ ከጎሬ፣ ከጋምቤላ የመጣ መንገደኛ መኪና ሲጠብቅ የሚያየው ያንን ነው፤ ስልኩንም ወደ አገሩ ይዞት ይሄዳል። ዋጋውን ቀንሶ ስሙን ሳያሰፍር የወጣ ልጅ ለባለቤቱ ስጦታ ሰጥቷል፤ ራሱን ግን አላስተዋወቀም።

ስም ማስፈር ትዕቢት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በጣናው ደጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ ስሙን ጽፏል። ገበያ ፈልጎ አልነበረም። ሆኖም የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሌሎች ሥዕሎችንም የእሱ ወይም ከእሱ የተማሩ ሰዎች እጅ እንደሆኑ ለመለየት የተነሡት ከዚያች ጽሑፍ ነው። ትሕትናና ስም አንድ መስመር ላይ ተስማምተው ተቀምጠዋል።

ዛሬ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በላፕቶፕ አርማ የሚሠሩ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ፣ የሱቅ ሒሳብ የሚይዙ ልጆችም ታፔላቸው ቴሌግራም ላይ ነው። ብዙዎቹ የሠሩትን ሁሉ እዚያ ይከምሩታል፤ ተመልካቹ በየትኛው እንደሚፈርድ ግራ ይገባዋል። ሦስት ሥራ ይበቃል፣ ከእያንዳንዱ ሥር ለማን እንደተሠራና ምን እንዳስቸገረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተገለጸ። ለያዩ ደን ቡና የከረጢት ጽሑፍ የሠራች ልጅ፣ ሻካራው ጆንያ ቀጭን ፊደል ስለሚውጥ ፊደሉን ማወፈሯን ትንገረን። እንዲህ የሚል ሰው የ«ቤ»ን ቀለበት የሚጠነቀቅ ዓይነት ነው፤ ቡና ነጋዴውም ይህን ለመረዳት ዲዛይን መማር አያስፈልገውም።

የታተመ ባነር ብሩሹን እየገፋው ነው። ባነር ላይ የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ጀማሪዎቹ ስለ ጥጓ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ዋጋ ከመቆረጡ፣ ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት።