ቀለም የማይነካው ቦታ

አዲስ የተቀባ ቸርኬ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ከመኪናው ጋር በሚገጥመው ፊት ላይ ወይም ዳዶ በሚያርፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ቀለም ካገኘሁ፣ ከፊት የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ሥራው ልቤ አይገባም። ቀለም ለስላሳ ነው፤ ዳዶ ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል፣ በፍሬን ሙቀትና በመንገድ ንዝረት እየሳሳ ይሄዳል፣ በሳሳው ልክ ዳዶው ይላላል። ጁባ ውስጥ ሥራውን የማደንቅለት ኢትዮጵያዊ ቀለም ቀቢ ይህን ቦታ በልኩ በቆረጠው ወረቀት ይሸፍነዋል። ቀለሙ ደርቆ ወረቀቱ ሲነሳ አሉሚኒየሙ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የቀለሙ ጠርዝም ዙሪያውን ሲታይ አንድ ቦታ እንኳ አልዘለለም።

ልጁ ሙያውን የለመደው አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ ነው። ጁባ ካለው አበሻ ብዙው በሆቴልና በንግድ ሲተዳደር፣ እሱ በተከራየው ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በአንድ ክሪክ፣ በባልዲ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በስፕሬይ ቀለም ይሠራል። ኮምፕሬሰር የለውም። ዕቃ ወደዚህ ከተማ በብዛት የሚገባው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ ዩጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ በኩል ስለሆነ፣ አዲስ ቸርኬ እዚህ ሲደርስ የመንገዱን ወጪ ሁሉ ተሸክሞ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አሮጌውን ማደስ ይመርጣል።

አሮጌው ደግሞ በቀላሉ አይታደስም። ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው ትኩስ የብረት ብናኝ ከቀዩ አቧራ ጋር ተደባልቆ ቫርኒሹ ላይ ይጋገራል። ጠጠር ቫርኒሹን ሲፈነክተው እርጥበት ይገባል፤ ከሥሩም ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች እየተጥመለመሉ ይዘረጋሉ። በዚህ ላይ ዝም ብሎ ቀለም የሚረጭ ሰው ዝገቱን አልብሶት ነው የሚሸኘው። እኔ የማውቀው ልጅ ግን መስመሩ የደረሰበት ድረስ ተከትሎ ይፍቃል። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀምራል፣ ወደ 180 ያልፋል፣ ከ320 በኋላ ውኃ እያስነካ እስከ 400 ይዘልቃል። ወረቀቱን የሚጠቀልለው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በቆረጠው ጎማ ላይ ነው። የቸርኬው ክንዶች ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጎማውን ያስቀምጥና በጣቱ ብቻ ይሠራል፤ ጠርዙ ከተበላ የቸርኬው መልክ አብሮ ይጠፋል፣ ምንም ቀለም አይመልሰውም። አሮጌው ቀለም አልቆ ብረቱ የሚጀምርበትን ድንበር በሌባ ጣቱ ይዳብሳል፤ ጣቱ ከተደናቀፈ እንደገና ይፍቃል። ዓይኑን አያምንም፤ ልክም ነው፣ ዓይን የሚያልፈውን እርከን ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ያወጣዋል።

ከፈቀ በኋላ የሚያደርገውን ግን ሌላ ቦታ ሲሠሩት አላየሁም። ቸርኬውን በላምባ ያብሳል፣ ጥቂት ይታገሣል፣ ላምባውን በደረቅ ጨርቅ ያነሣና የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና እርጥብ መስመር ይሠራል። በ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ሠራተኞች የብረት ክፍሎችን በዘይትና በጠመኔ የሚፈትሹት በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ደንበኛ ቸርኬ ላይ መስመሩ ከዳዶ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ክንዱ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን አልቀባም» አለ ልጁ።

«ምን አለበት ልጄ፣ ስቱኮ ሙላባትና ቀባት።»

«ስቱኮ ጭረት ነው የሚሞላው፤ ስንጥቅ አይዝም። የሚለቅብዎት መንገድ ላይ ነው።»

ሦስቱን ቀባ፣ አራተኛውን መለሰ፣ ለደከመበት ፍቂያም ገንዘብ አልተቀበለም። ይህ ከቀለሙ ጥራት ያላነሰ የእጅ ሥራ ነው።

ጎማውን ሳያወልቅ እንዴት ቀለም እንደማያስነካው ማየት ደስ ይላል። ነፋሱን ያስተነፍስና በጎማውና በቸርኬው ከንፈር መካከል የመጫወቻ ካርታ እያደራረበ ዙሪያውን ይሰካል። ሌላው ሰው በፕላስተር የሚታገልበትን ጠርዝ በዚህ ይገላገለዋል፤ ቀለሙም እስከ ከንፈሩ መጨረሻ ይደርሳል። በመሣሪያ ይቆጥባል እንጂ በብርጭቆ ወረቀትና በፕራይመር አይቆጥብም። አሉሚኒየም እንደተፈቀ ወዲያው በኦክሳይድ ስለሚሸፈን ለእሱ የተሠራ ፕራይመር ካልነከሰው ተራ ቀለም ተልጦ ይነሣል።

የሚቀባው ገና ሲነጋ፣ ነፋስም ሙቀትም ሳይነሣ ነው። በበጋ የጁባ ቀትር ላይ የተረጨ ቀለም ቸርኬው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ እርጥበቱ ቫርኒሹን ያደበዝዘዋል። አቧራው እንዳይነሣ መሬቱን ውኃ ያርከፈክፍበታል። ቸርኬውን ባልዲ ላይ አስተኝቶ መጀመሪያ የክንዶቹን ጎንና ጉድጓዱን ይረጫል፣ ፊቱን ለመጨረሻ ያቆያል። እጁ ከቸርኬው ውጭ መርጨት ጀምሮ ከቸርኬው ውጭ ያቆማል፤ በመሐል አይቆምም። የመጀመሪያው ዙር በጣም ስስ ስለሆነ ከሥሩ ፕራይመሩ ይታያል። ባለ መኪናው እዚህ ላይ ይጠራጠራል፤ ልጁ ግን አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚደግመው። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የቸኮለ ቀለም ተንጠባጥቦ እንደሚደርቅ ያውቃል።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ጠንካራውን ቫርኒሽ ግቢው ውስጥ አይረጭም፤ የሚተነው አይሶሳያኔት ሳንባን የሚጎዳ፣ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭምብል የሚፈልግ ነው። በቆርቆሮ የሚገኘውን ስፕሬይ ይጠቀማል። ቤንዚንና የፍሬን ዘይት እንደሚያነሣውም ለባለ መኪናው አስቀድሞ ይነግረዋል።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ዝና የጀመረው በ1924 እ.ኤ.አ. ኤቶሬ ቡጋቲ ባለ ስምንት ክንድ ቸርኬ የተገጠመለትን ታይፕ 35 መኪና ሊዮን ላይ ለውድድር ሲያቀርብ ነው። የዚያ መኪና ውበት ግማሹ በክንዶቹ መስመር ነበር፤ ልጁ በጣቱ ብቻ የሚጠብቀውም ይህንኑ መስመር ነው።

ሲገጥም ዳዶዎቹን ተሻጋሪ ጥንድ እያደረገ ያጠብቃል፤ ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ድረስ፣ በተዋሰው የቶርክ ቁልፍ። ከዚያ ወደ ኒሙሌ፣ 192 ኪሎ ሜትር ሊወጣ የተዘጋጀውን ደንበኛ ያስቆመዋል፦ «ዛሬ ከተማ ውስጥ ንዳበት። ነገ ጠዋት ና፣ ደግሜ ላጥብቅልህና ትሄዳለህ።»