ባለቀለም አልማዝና የልደት ወር ጌጥ

ለመሆኑ ድንጋይ ለሰው ልጅ ልደት ምስክር ለመሆን የበቃው እንዴት ነው? እምነቱ ጥንታዊ ይሁን እንጂ በዛሬው መልኩ የጸናው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር በ1912 እ.ኤ.አ. ለየወሩ ድንጋይ ሲደለድል ነው። አልማዝ ለኤፕሪል፣ ሰንፔር ለሴፕቴምበር ደረሰ። ባለቀለሙ አልማዝ ግን ይህን ድንበር አፍርሷል፤ በሴፕቴምበር ለተወለደች ሴት በሰንፔር ፈንታ ሰማያዊ አልማዝ ይቀርብላታል።

የማራኪነቱ ምሥጢር ከነጋዴው ድልድል ውጭ ነው። ከካርቦን በቀር ሌላ ያልገባበት፣ መዋቅሩም ያልተዛባ አልማዝ ቀለም አልባ ነው፤ ቢጫውን ቀለም ናይትሮጂን፣ ሰማያዊውን ቦሮን ይሰጠዋል። በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚታየው 45.52 ካራት የሚመዝነው «ሆፕ» አልማዝ ሰማያዊነቱን ያገኘው ከዚሁ ቦሮን ነው። ሮዝ አልማዝ ደግሞ በምድር ውስጥ ተጨንቆ ውስጣዊ መዋቅሩ የተዛባ ድንጋይ ነው። ውበቱ እንግዲህ፣ እንደ ልደት ሁሉ፣ የጭንቅ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ቀለሙን በጨረርና በሙቀት መፍጠርም ይቻላል። ያን ጊዜ አልማዙ ወሩን እንዲመስል የተበጀ ምትክ ይሆናል። የማይደገመውን ልደት የሚመሰክር ጌጥ ራሱም የማይደገም ሊሆን ይገባዋል። ስለሆነም አንጥረኛውም ሆነ ገዢው «የየትኛው ወር ነው?» ከማለቱ በፊት «ቀለሙ ከየት መጣ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።