አራት አልበሞች በአንድ አስተማሪ ጆሮ

በቅርቡ ተማሪዎቼን «ስለምትኖሩበት ቦታ አንድ ገጽ ጻፉ» ብዬ አዝዤ ነበር። አንዱ ልጅ ድርሰቱን ትቶ ራፕ ጽፎ መጣ። ቤት አመታቱ ጥሩ ነው፣ አነባበቡም ያምራል። ግን ግጥሙ ውስጥ በረዶ ይወርዳል፣ ሰማይ የነካ ፎቅ አለ፣ ፖሊስ በመኪና ያሳድደዋል። ይህ ልጅ ከጅቡቲ ወጥቶ አያውቅም፤ በረዶ የሚያውቀው የሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። «ይሄ የማን ሰፈር ነው?» ብለው፣ «ቲቸር፣ ራፕ እኮ እንደዚህ ነው» አለኝ።

እውነት ራፕ እንደዚህ ነው? መልሱን ለማግኘት ተማሪዎቼ በስልካቸው የሚቀባበሏቸውን አልበሞች ተቀብዬ፣ የራሴንም ጨምሬ ስሰማ ከረምኩ። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው የግል አስተያየቴን ነው፤ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የኬይናን «ትሩባዱር» ነው፤ በ2009 የወጣ። ትሩባዱር ማለት ከአገር አገር እየዞረ የሚዘፍን ነው፤ በኛ አነጋገር አዝማሪ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ኬይናን ሞቃዲሾ ተወልዶ በ1991፣ በልጅነቱ፣ ከጦርነቱ ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ፣ ከዚያም ካናዳ የገባ ሰው ነው። ታዋቂዋ የሶማሊያ ዘፋኝ ማጎል አክስቱ ናት። እንግሊዝኛ ሳያውቅ አባቱ ከአሜሪካ የላከለትን የራፕ ሸክላ እየሰማ ቃሉን እንደ በቀቀን ይደግም ነበር። አልበሙ ላይ «ፋጢማ» የሚል ዘፈን አለ። ልጅቷ ስም አላት፣ የተለያዩባትም ከተማ አለች። ስለ ጦርነት ብዙ ዘፈን ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል የነካኝ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ስለ «ተጎጂዎች» አይዘፍንም፣ ስለ አንዲት ልጅ ነው የሚዘፍነው።

እዚሁ አልበም ላይ ያለውን «ዌቪን ፍላግ» የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በ2010 የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ጊዜ ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ ተሠርቶ ዓለምን አዳረሰ። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ስሟቸው። ዋናው ስለ ጦርነት፣ ስለ ድህነትና ስለ ነፃነት ጥበቃ ያወራል። የዋንጫው ቅጂ ላይ ጦርነቱም ድህነቱም ወጥቶ ጭፈራው ቀርቷል። ዜማው ያው ነው፣ ሰውዬው ግን የለበትም። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ያ በረዶ የጻፈው ልጅ እጁን አወጣ፤ «ባይቀይረው ኖሮ እኛስ መቼ እንሰማው ነበር?» አለ። እውነቱን ነው። ብዙዎቻችን ወደ ዋናው የደረስነው በማስታወቂያው በኩል ነው።

ግን ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም። በ2012 «ካንትሪ፣ ጋድ ኦር ዘ ገርል» የሚል አልበም አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኬይናን ራሱ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጽሑፍ አወጣ። ለአሜሪካ ሬዲዮ እንዲመች ብሎ የራሱን ቃል ራሱ መቁረጥ እንደጀመረ በግልጽ ተናዘዘ። አልበሙን ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የሚዘፍነው ሰው ግን የትም አገር ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ስህተቱን በአደባባይ ሲናገር ማክበር ይገባል፤ እኔ ከአልበሙ ይልቅ ጽሑፉን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው የናስና የዴሚያን ማርሊ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» ነው፤ የሩቅ ዘመዳሞች እንደማለት። የወጣው በ2010 ነው። ኬይናን በሁለት ዘፈን ተሳትፎበታል። የመክፈቻው ዘፈን የተሠራው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣችሁ ጆሮአችሁን ስጡት፤ ሁለቱ ሰዎች ቃል እየተነጣጠቁ ሲሄዱ ከሥር የኛው ዜማ ይዟቸው ይነጉዳል። እንደ እኔ የአልበሙ ምርጥ ሥራ ይህ ነው። ድክመቱ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ስብከት ይበዛዋል። አፍሪካ ተነሺ፣ አፍሪካ ንቂ ይላል። የትኛዋ አፍሪካ? የማን ሰፈር? መልስ የለም።

ሦስተኛው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነው። ሮክ ነው፤ በ2012 የወጣ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ያዘጋጀው። የባንዱ ስም ከአገር ባህል ልብስ፣ የአልበሙ ስም ደግሞ አፋር ውስጥ ካለው እሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ቅኝቱ ግን የኛው ነው፤ ወንዶችና ሴቶች እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ቅሬታዬ፣ አንዳንዴ የመሣሪያው ጩኸት ግጥሙን ይውጠዋል። በአማርኛ እየተዘፈነ ቃሉን ሳልይዝ ያለፍኩባቸው ቦታዎች አሉ። ቢሆንም የፈረንጅ መሣሪያ ይዞ ፈረንጅ አለመሆን እንደሚቻል አሳይተዋል።

አራተኛው ራፕም ሮክም አይደለም፤ የጨመርኩት ከደጃችን ስለሆነ ነው። ግሩፕ ኤርቴዴ የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮ ባንድ ነው። «ዘ ዳንሲንግ ዴቪልስ ኦፍ ጅቡቲ» የተባለውን አልበማቸውን በ2020 ኦስቲናቶ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ አወጣው። የሞሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎን፣ የአስማ ዑመር ድምፅ፣ የሕንድ ፊልም ዜማ፣ የሬጌ ምት፣ የየመን ጣዕም ሁሉም በአንድ ላይ አለ። ወደብ ነውና መርከብ ያመጣው ሁሉ ይገባበታል። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ድምፅ ይዘው በቤታቸው ሲጫወቱ የውጭው ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ቀዳቸው።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። አልበምን ጥሩ የሚያደርገው ዘፋኙ ከየት እንደሚናገር ሲታወቅ ነው። ለኛ ደግሞ ይህ የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስደተኛ ታሪኩን ለማን እንደሚናገር እያየ መቁረጥና መቀጠል ይለምዳል። ጋዜጠኛ ሲመጣ አንድ ዓይነት፣ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ዓይነት። ጆሮ ስናገኝ ብለን ነው፤ አልፈርድም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ሁልጊዜ ለሰሚ የሚመቸውን ብቻ የሚናገር ሰው አንድ ቀን የራሱ ታሪክ ይጠፋበታል። ደብተራችን ላይ እንኳን የራሳችንን ካልጻፍን የት ልንጽፍ ነው?

ልጁን ድጋሚ ጻፍ አልኩት። ስምንት መስመር አመጣ፤ የበልበላ አቧራ፣ የሰኔው ትኩስ ነፋስ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወረፋ የቆመች እህቱ። ቤት አመታቱ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ እኔ ግን የበለጠ ማርክ ሰጠሁት። እሱ እስካሁን የበረዶው ይሻላል ብሎ ይከራከረኛል።

አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ መምህራን፣ ይህን በክፍላችሁ ሞክሩት። ሁለቱን «ዌቪን ፍላግ» አሰሟቸው፣ ልዩነቱን ራሳቸው ያውጡ፣ ከዚያ ስምንት መስመር ይጻፉ፤ በሶማሊኛ ይሁን በአማርኛ፣ በአፋርኛ ይሁን በኦሮምኛ። ጥሩ ጥሩውን ላኩልን፣ እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።