የደም ማነስና የተጠናከረ የምግብ ሕክምና፦ ብሔራዊው መመሪያ ከከላላ ደጋ ሲነበብ

በጽኑ የታመመና ሰውነቱ የከሳ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ የአስታማሚዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ምግቡና ስለ ደሙ ነው። «ደሙ አልቋል፤ ደም የሚሆን ነገር ይሰጠው፤ ጠንካራ ምግብ ይብላ» ይባላል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ መነሻውም ትክክል ነው። ሆኖም ሐኪሙ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ሁለቱንም በብዛት ለመስጠት ቢነሣ ሊያድነው ያሰበውን ሕመምተኛ ሊያጣው ይችላል። በአገራችን ይህን አደጋ ተገንዝቦ በጽሑፍ ያሰፈረው ዋናው ሰነድ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና ፕሮቶኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ ብሔራዊ መመሪያ የተተካ ቢሆንም የዛሬው የጤና ባለሙያ ልማድ በአብዛኛው የተቀረጸው በዚያ ነው። ስለዚህ ፕሮቶኮሉን ከላላን በመሰለ ወረዳ፣ ከአስፋልትም ከደም ባንክም ርቆ በሚገኝ ደጋ ላይ ሆኖ መመርመር ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባው ይመስገን። ፕሮቶኮሉ የተጎዳው ሕፃን በመጀመሪያው ምዕራፍ ኤፍ-75 የተባለውን ወተት እንዲያገኝ ያዛል። ይህ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪና ከ1 ግራም ያነሰ ፕሮቲን ብቻ የያዘ ነው። ለማያውቅ ሰው ይህ ንፍገት ይመስላል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ ጉበቱም ሥራቸውን ቀንሰው የሚኖሩ ናቸው። በሴሎች ውስጥ የተከማቸው ሶዲየም ሕክምናው ሲጀመር ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል፤ ውኃንም አብሮ ይስባል። የደሙ መጠን በዚህ ምክንያት ሲጨምር ቀይ የደም ሴሎች ሳይቀንሱ የሂሞግሎቢኑ ቁጥር ብቻ ይወርዳል። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ሂሞግሎቢኑ ቀንሶ የተገኘ ሕፃን ደሙ አልፈሰሰም፤ ደሙ ቀጥኗል። በዚያ ሰዓት ደም መስጠት ቀድሞውኑ በተጨናነቀ ልብ ላይ ሸክም መጨመር ነው። ፕሮቶኮሉም ሂሞግሎቢኑ ከ4 ግራም በታች ለሆነ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ደም በሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲሰጥ፣ ኤፍ-75 ከተጀመረ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን እስከ 14ኛው ቀን ደም እንዳይሰጥ ይከለክላል። ብረትም በመጀመሪያው ምዕራፍ አይሰጥም። እነዚህ ክልከላዎች በብዙ ሕፃናት ሞት የተገኙ ትምህርቶች ናቸው፤ ማንም ሊያላላቸው አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰዓቱ መቆጠር ሲጀምር ነው።

ፕሮቶኮሉ የተጻፈው ደም በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳለ ታስቦ ነው። ከላላ ላይ ግን እናት ልጇን አዝላ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ ስትደርስ አንድ ቀን አልፎ ይሆናል። ጤና ጣቢያው ሕፃኑን ተቀብሎ፣ መዝኖ፣ ክንዱን ለክቶ፣ እብጠቱን በጣት ተጭኖ አይቶ ኤፍ-75 ይጀምርለታል፤ ይህም ትክክል ነው። የመዳፉ ንጣት የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ካልሆነም ወደ ደሴ ይላካል። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክረምት መንገዱ ምን እንደሚሆን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። መኪና እስኪገኝ፣ አባት ገንዘብ ተበድሮ እስኪመጣ፣ የደም ዓይነት ታይቶ የሚስማማ ደም እስኪገኝ ድረስ 24ቱ ሰዓት ያልቃል፤ 48ቱም ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ፊት ሁለት ክፉ ምርጫ ይቀርባል፦ ጊዜው ባለፈበት ሰዓት ደም መስጠት ወይም 3 ግራም ሂሞግሎቢን ያለውን ሕፃን ደም ሳይሰጡ መጠበቅ። ፕሮቶኮሉ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ አላስቀመጠም። ከሆስፒታል ሆኖ ለጻፈው ሰው ጥያቄው ላይታይ ይችላል፤ ከጤና ጣቢያ ሆኖ ለሚያነበው ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ቀላል ነው። እንደ ከላላ ባለ ቦታ ስለ ደም የሚደረገው ውሳኔ የመጀመሪያው ወተት ከመሰጠቱ በፊት፣ ሕፃኑ ገና በተቀባይ ክፍል ሳለ መወሰን አለበት። መላክ ካለበት በዚያች ሰዓት ይላካል፤ ኤፍ-75 የተጀመረበት ቀንና ሰዓትም በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ይጻፋል። ተቀባዩ ሆስፒታል 48ቱን ሰዓት ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ነገር ግን መንገዱም ሆነ መዳረሻው ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስና የከተማዋ ሆስፒታል ሲዘረፍ የምዕራቡ ወረዳዎች ሕሙማን ወዴት ይላኩ የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣበት ጊዜ ነበር። የመላክ ሰንሰለት ላይ ብቻ የተመሠረተ መመሪያ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚደረግም መናገር ይገባዋል።

ሁለተኛው ነጥብ የልኬት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ስላልተጻፈ ጥቂት መቆየት ያሻል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው የኦክስጅን እጥረትን ለመቋቋም ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ይሠራል በሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በደጋ ነዋሪዎች ላይ ከተለካው ቁጥር ላይ እንዲቀነስ ይመክራል። በቀድሞው ሰንጠረዥ በ2500 ሜትር ላይ የሚቀነሰው 1.3 ግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲስ መመሪያ ከ2500 እስከ 2999 ሜትር ላለው 1.8 ግራም ሆኗል። ስለዚህ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ 8.5 ግራም የተለካበት ሕፃን በወረቀት ላይ 6.7 ሆኖ ከባድ የደም ማነስ ካለባቸው ተርታ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 42 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ አለባቸው ያለው ይህን ቅናሽ አድርጎ ነው። በዚያው ዘመን የተካሄደው ብሔራዊ የማይክሮኒውትሪየንት ጥናት ያገኘው ግን 34 በመቶ ገደማ ነበር። በአንድ አገር፣ በተቀራረበ ጊዜ ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ የናሙናውን አወሳሰድ፣ የመሣሪያውንና የስሌቱን ነገር ደግሞ ለመጠየቅ ያስገድዳል።

በተለይ የደጋው አማራ ሕዝብ ለዚህ ስሌት አይመችም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረዋል። ያገኙት ሂሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15 ግራም ነበር፤ በቆላ ከሚኖር ሕዝብ ወሰን ብዙም አይርቅም። የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95 በመቶ ነበር። ከሌሎች ሕዝቦች የተወሰደ ሰንጠረዥ ለእነዚህ ሰዎች እንደማይስማማ ግልጽ ነው። ጥናቱ በአዋቂዎችና በጤነኞች ላይ የተደረገ በመሆኑ ለታመመ ሕፃን በቀጥታ አይተላለፍ ይሆናል፤ ቢሆንም በአልጋ ላይ ስላለ ሕመምተኛ ለሚደረግ ውሳኔ ጥንቃቄን ያስተምራል። የ2007ቱ ፕሮቶኮል «ከ4 ግራም በታች» ሲል የተለካው ቁጥር ይሁን ወይስ የተቀነሰው አይገልጽም። ሁለቱ ትርጉሞች በከላላ ደጋ ላይ ሁለት የተለያዩ ሕፃናትን ወደ ደም መስጫ ክፍል ይልካሉ። የከፍታ ቅናሽ የሕዝብን ጤና ለመገመት የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ሕፃን ደም ለመስጠት ሲወሰን መታየት ያለበት የተለካው ቁጥርና የሕፃኑ አተነፋፈስ ነው።

ስለ ብረት ያለው አለመግባባት ደግሞ ከሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከባለሙያውም ይመጣል። ለደም ማነስ ቀይ ሥር ይበላ የሚለው ምክር በቀለም መመሳሰል የተገኘ ይመስላል፤ ጉዳት ባያስከትልም ደም አይሆንም። የብረት ክኒን በመጀመሪያው ቀን ማዘዝ ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ጥናት ብረት ያነሳቸው 137 የሶማሌ አርብቶ አደሮች ተከፍለው ግማሾቹ ብረት ሲሰጣቸው፣ በእነርሱ ላይ 36 የኢንፌክሽን ክስተቶች ሲታዩ ብረት ባልወሰዱት ላይ የታዩት 7 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ኋላ ላይ በተገኘው ሄፕሲዲን በተባለው ሆርሞን ይብራራል። ሰውነት በበሽታ ሲጠቃ ጉበት ይህን ሆርሞን ያመነጫል፤ አንጀት ብረትን መምጠጥ ያቆማል፤ በጎተራ ያለውም ብረት ይቆለፋል። ተህዋስያንም ለመራባት ብረት ስለሚፈልጉ ሰውነት ሆን ብሎ የሚነፍጋቸው ይመስላል። በጽኑ የታመመ ሰው የደም ማነስ እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ማጣት ሳይሆን የብረት መቆለፍ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር በአዲስ አበባ ሆነው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት የጤፍ ተመጋቢው ደገኛ በቀን የሚያገኘው ብረት እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ አሳይተው ነበር። ከዚያ ብረት ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚደባለቅ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ከጤፍ ጋር ይበላሉ፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱን ይይዘዋል፤ ከምግብ በኋላ የሚጠጣው ቡናና ሻይም እንዲሁ። ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም እስከ ሑመራና መተማ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ጎልማሳ ሲነጣ ደግሞ መጀመሪያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ወባ፣ የመንጠቆ ትልና ካላዛር ናቸው። ለእነዚህ ሳይመረመር ብረትና ጥሩ ምግብ ብቻ ታዞለት የሚሸኝ ሰው ሕክምና አግኝቷል አይባልም።

አዋቂ ሕመምተኛ በመመሪያዎቻችን ውስጥ የተዘነጋ እንግዳ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በኤች አይ ቪ ሰውነቱ ያለቀ ሰው ከሕፃኑ ያልተለየ አደጋ አለበት። ብዙ ቀን ሳይበላ ቆይቶ በድንገት ሲመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይወርዳል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። የእንግሊዝ ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ላለ ሕመምተኛ በቀን በኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ሳይበልጥ እንዲጀመር፣ አስቀድሞም ታያሚን እንዲሰጥ መክሯል። ፎስፌት ሊለካ በማይችልበት ጤና ጣቢያ ይህ ዝግታ የበለጠ ያስፈልጋል። «የተጠናከረ» የሚለው ቃል ራሱ አሳሳች ነው። በፈረንሳይ በ3044 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ምግብ ያገኙትና ጥቂት ያገኙት በሞት እንዳልተለያዩ፣ ጥቂት ያገኙት ግን ቶሎ ከክፍሉ ለመውጣት እንደበቁ አሳይቷል። ደምን በሚመለከትም እ.ኤ.አ. በ1999 በካናዳ በ838 ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ሂሞግሎቢን ከ7 ግራም በታች ሲሆን ብቻ ደም መስጠት ከ10 በታች ሲሆን ከመስጠት በውጤት እንደማያንስ አረጋግጧል። በሀብታም አገር ለጥንቃቄ ሲባል የተደረሰበት ቁጥብነት ደም በጭንቅ በሚገኝበት አገር አስቀድሞ ሊሠራበት የሚገባ ነው።

ሕፃኑ ከአደጋው ካለፈ በኋላ ያለው ምዕራፍ በአንጻሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በቤት ውስጥ የሚሰጠው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2000 በበደዋቾ ተሞክሮ፣ በ2003 በደቡብ ወሎ በቃሉና በደሴ ዙሪያ ወረዳዎች ቀጥሎ፣ ከ2008 ጀምሮ በጤና ኬላዎች ተስፋፍቷል። ፕላምፒ ነት ብረት ስላለው ተጨማሪ ክኒን አያስፈልገውም። ነገር ግን ሕፃኑ ከፕሮግራሙ የሚሰናበተው በክብደቱና በክንዱ ዙሪያ ልክ ነው፤ ሂሞግሎቢኑ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 በማላዊ ላይ የወጣ ጥናት በወተትና በለውዝ የተሠራው የተለመደው ምግብ የተወሰኑ ሕፃናትን ክብደት ጨምረው፣ ደም ግን እንዳነሳቸው እንደሚያሰናብት፤ ከአኩሪ አተር፣ ከበቆሎና ከማሽላ የተሠራው ደግሞ የደም ማነሱን በተሻለ እንደሚያርም አሳይቷል። ሦስቱም እህሎች በአገራችን ይበቅላሉ። በከላላ ጤና ኬላ ወፍራ የተሰናበተች ልጅ በሁለተኛው ወር ተመልሳ መዳፏ ቢታይ ምን እንደሚገኝ የሚናገር ቅጽ ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም።