የጥጥ ጺም

የወላጆች ቀን ድራማ አይቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። የአባቱን ኮት የለበሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አገጩ ላይ ጥጥ ለጥፎ፣ ከዘራ ይዞ፣ እየተንገዳገደ ይገባል። ሰካራም አባት መሆኑ ነው። ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ታለቅሳለች። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርቷል። አንድ አስተዋይ ጎረቤት ብቅ ብሎ ይመክራል፤ አባትየው በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጠጥ ይተዋል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰልፈው ወደ ተመልካቹ ይዞሩና «ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን…» ይላሉ። ከዚያ ጭብጨባ።

እኔም ያንን ጥጥ ለጥፌ አውቃለሁ። ሙጫው እንዴት እንዳሳከከኝ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ከተናገርኩት ግን አንዲት ቃል አላስታውስም። የጻፉት መምህራችን ነበሩ፣ እኛ ሸመደድነው፣ በቃ።

ጥፋቱን ሁሉ በመምህራን ላይ መደፍደፍ ግን ልክ አይመስለኝም። ነገሩ ከቴአትራችን ታሪክ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በእንስሳት ተረት አስመስሎ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። ከዚያ በኋላ ጥበቡን ካቆዩት መድረኮች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ቅኔ አዋቂው ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበሩ፤ ተውኔታቸውን በተማሪዎቻቸው አሠሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን ልማዱ አልቀረም፤ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር።

ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን ከእነሱ የወረስነውን እስኪ በደንብ እንየው፦ መምህሩ ይጽፋል፣ ልጁ ይናገራል። የዮፍታሔ ተማሪዎች ቢያንስ የዮፍታሔን ቋንቋ አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። እኛ ደግሞ ቋንቋውን ጥለን የሥራ ክፍፍሉን ብቻ ያዝን።

ይሄ ነገር የገባኝ እኔ ራሴ በተራዬ ያንኑ ስሠራ ነው። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የድራማ ክበብ አስተምር ነበር፤ ሦስተኛና አራተኛ ክፍሎችን። የመጀመሪያው ቀን «ድራማ ጻፉ» አልኳቸው። ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም ሰካራም አባት ጻፉ! አባቱ ጠጥቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ሰካራም አባት ጻፈ። ድራማ ማለት እሱ ነዋ።

በሳምንቱ ወረቀቱን ተውኩትና እቃቃ እንዲጫወቱ አደረግኩ። እቃቃ ላይ ማንም «ውድ ወላጆቻችን» አይልም። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ እንግዳ ልሁን» ይባላል፤ ወዲያው እንግዳዋ ቡና ትፈልጋለች፣ እናትየው ስኳር የላትም፣ ማፈሯን መደበቅ ትፈልጋለች። አንዱ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ሌላው መስጠት አይችልም ወይም አይፈልግም። ተውኔት መጻፍ ለሕፃን ሲያስተምሩ መነሻው ይሄ ነው ባይ ነኝ፤ ልጆቹም ቀድመው ያውቁታል። የእኔ ሥራ «ማን ምን ፈለገ? ማን ከለከለው?» ብሎ መጠየቅና እጃቸው ቶሎ መጻፍ ለማይችለው የሚሉትን እንዳለ መጻፍ ነበር።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ገጽ አመጣች። እናት ከዓረብ አገር ትደውላለች። አያት ስልኩን ይዛ ልጅቷን ትጠራለች። ልጅቷ አልጋ ሥር ገብታለች። «ነይ እንጂ፣ እየቆጠረባት ነው!» ትላለች አያት። ልጅቷ ከአልጋው ሥር ሆና «ተኝታለች በያት» ትላለች። አያት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ዝም ትላለች። አለቀ።

ታሪኩ የራሷ ይሁን የሰው አልጠየቅኳትም። ግን ስንት የከተማችን መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ አይታችኋል? ማንም ክፉ አይደለም፤ ማንም ምክር አልሰጠም፤ ሁሉም ግን ተጎድቷል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤቱ «መልእክቱ የታል? ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅ» አለ። ተከራክሬያለሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልተከራከርኩም። ማታ ቁጭ ብዬ ስምንት መስመር ጻፍኩ፦ ልጅቷ ከአልጋ ሥር ትወጣለች፣ ወደ ተመልካቹ ትዞራለች፣ የእናትን ውለታ ትዘረዝራለች። በዕለቱ እስከ አያትየዋ ዝምታ ድረስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ልጅቷ ወጣች፣ ሁለት እጇን ከጎኗ አጣበቀች፣ የእኔን ስምንት መስመር እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ወረደችው። ተጨበጨበ። በዚያ ቀን ከታዩት ሁሉ መጥፎው ጽሑፍ የእኔ ነበር።

ምክር ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ተረታችንም በምክር የተሞላ ነው። ግን ልጅ ያልደረሰበትን ድምዳሜ አፉ ላይ ስናስቀምጥለት የምናስተምረው ምክሩን ሳይሆን፣ መድረክ ላይ የራስን ነገር መናገር እንደማይቻል ነው። «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል፤ ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ ክፍለ ጊዜው ሳይሆን ብዕሩ በማን እጅ ይሆናል የሚለው ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ክበቡ ሲከፈት ልጅቷ መጣች። ወረቀት ሳድል ተቀበለችኝና ሳትጽፍ አየችኝ።

«ቲቸር፣ መጨረሻውን አንተ ነህ የምትጽፈው?»

«አይደለሁም» አልኳት። ወዲያው አላመነችኝም። እውነቷን ነው።