ግድግዳችን ሐበሻ፣ ወለላችን ነዳጅ

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ድርድር ብዙ ጽፈናል፣ ብዙም ተከራክረናል፡፡ ዛሬ ግን ዝቅ ብዬ እግራችን ስር ስላለው ነገር ልጽፍ ነው፡፡ ርእሴ ምንጣፍ ነው፡፡ ቀላል ጉዳይ ይመስላል፡፡ ይሁንና «ባህላችንን እንወዳለን» የምንል ሰዎች የምንወደውን ባህል የት እንዳስቀመጥነው ለማወቅ ከቤታችን ወለል የተሻለ ምስክር አላገኘሁም፡፡

እዚህ ካልጋሪ ውስጥ ያየኋቸው የወገኖቼ ሳሎኖች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፡፡ ግድግዳው ላይ ሰፌድና የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ፤ ጥግ ላይ ማንም የማይበላበት መሶብ፡፡ ወለሉ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ አበባማ ምንጣፍ አለ፤ ጀርባውን ገልብጠው ቢያነቡት «ፖሊፕሮፒሊን» ወይም «ፖሊስተር» ይላል፡፡ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ስር የፕላስቲክ ቄጤማ ይዘረጋል፡፡ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ለምለም ስለሆነ፣ ቤቱን ስለሚያውደው፣ ነገ ደርቆ ስለሚጠረግ ነበር፡፡ እስቲ ልጠይቅ፤ የማይደርቅ፣ የማይሸት፣ በየሳምንቱ በውሃ ታጥቦ የሚመለስ ቄጤማ ምኑ ነው ቄጤማ?

ትችቴ በድሃ ላይ አይደለም፡፡ አዲስ የመጣና በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ቤተሰብ በርካሽ ያገኘውን ቢያነጥፍ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፡፡ ወቀሳዬ ቤት ለገዛነው፣ ዲግሪ ለደረደርነው፣ ለሶፋ ሦስት ሺህ ዶላር ስናወጣ ለማናቅማማ፣ ምንጣፍ ላይ ስንደርስ ግን «ያው እግር ነው የሚረግጠው» ለምንል ሰዎች ነው፡፡

የከተማችን ነገር ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል፡፡ ካልጋሪ የነዳጅ ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንጀራችንን የምንበላው ከዚሁ ነው፡፡ በኤድመንተን አቅራቢያ በፎርት ሳስካችዋን እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው የሃርትላንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ፕሮፔን ጋዝን ወደ ፖሊፕሮፒሊን የሚቀይር ሲሆን፣ በዓመት እስከ 525 ሺህ ቶን እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነው፡፡ የርካሽ ምንጣፍ ክር የሚፈተለው ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፡፡ በሌላ አነጋገር ቀን ከመሬት በታች ያለውን አውጥተን፣ ማታ ወለላችን ላይ አንጥፈን፣ ልጆቻችንን እናስድህበታለን፡፡

ካናዳውያንም በበረዶው የተነሳ ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፡፡ እኛ ግን ጫማ ማውለቅ ሃይማኖታችን ውስጥም ያለ ሕዝብ ነን፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በባዶ እግር እንገባለን፣ እንሰግዳለን፣ ግንባራችንን መሬት እናስነካለን፡፡ አባቶቻችን አጎዛ ላይ ተቀምጠው ዳዊት የደገሙት፣ ጀንዲ ላይ የተኙት፣ የጉራጌ እናቶች ከእንሰት ጅባ የሠሩት፣ የሐረር ቤቶች መደብ በምንጣፍና በሰሌን የተሸፈነው ሰው ከወለሉ ጋር አካሉ ስለሚነካካ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ሕዝብ የሚረግጠው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት፡፡

የሱፍን ነገር እንመልከት፡፡ ቡናችንን በኤሌክትሪክ ብናፈላም ዕጣን የምናጨሰው አሁንም በከሰል ነው፡፡ ከማጨሻው አንዲት ፍም ብትወድቅ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ሱፍ ግን እስከ 570 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀጣጠልም፣ ጠቁሮ እዚያው ይጠፋል፡፡ እንዲሁም ሱፍ እርጥብ ሳይመስል ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል፡፡ በቀዝቃዛ ቤዝመንት ወለል ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ ደግሞ በካልጋሪ ጥር ወር የኖረ ሰው አይነገረውም፡፡

ይህን ስል ግን «ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም፡፡ የቤት ማስጌጫ መጽሔቶች የሚያሞግሱት ጁት እኛ በጆንያነቱ የምናውቀው የቤንጋል ተክል ነው፤ የበረዶ ቦት ጫማና የመንገድ ጨው የሚራገፍበት በር ላይ ካነጠፉት ቡናማ ጠባሳ ያወጣል፣ እርጥበት ባለው ቤዝመንት ይሻግታል፡፡ ቃጫ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ውሃ ምልክት ይጥልበታል፣ የሚድህ ሕፃን ጉልበትም ይቧጭራል፡፡ ለበር የሚሻለው ከኮኮናት ልባስ የሚሠራው ሻካራው ምንጣፍ ነው፡፡ ሱፍም ጠላት አለው፤ ብል ይበላዋል፣ ስለዚህ ከሶፋው ስር ሳይቀር አዘውትሮ መጥረግ ያስፈልጋል፡፡ «የቀርከሃ ሐር» እየተባለ የሚሸጠውማ ሐርም ቀርከሃም አይደለም፤ በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና የተፈተለ ሬዮን ነው፡፡ የካናዳ የጨርቃ ጨርቅ መለያ ደንብም በዚሁ ስሙ እንዲጠራ ያስገድዳል፡፡

ስለዚህ ሻጩን ሳይሆን ምንጣፉን እንጠይቀው፡፡ ጀርባውን ገልብጡ፤ ላዩ ሱፍ ሆኖ ከታች ሰው ሠራሽ ላስቲክ የተለጠፈበት ብዙ አለ፡፡ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛችሁ ለኩሱ፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ ጁትና ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳሉ፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል፡፡ የማን እጅ እንደሠራውም ጠይቁ፡፡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተካፈለው ሕንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ዛሬ ጉድዊቭ የሚባለውን ምልክት ያስጀመረው ምንጣፍ የሚቋጥሩት ጣቶች የሕፃናት ስለነበሩ ነው፡፡ ሱፉ ንጹሕ ሆኖ ጉልበቱ የተሰረቀ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፡፡ ይህን ሁሉ ፍለጋ ስንዞር የራሳችን ሱፍ አለን፡፡ የመንዝ ደጋ ብርዱን የተቋቋመው በበጎቹ ጠጉር ነው፤ ሴቶቹ ፈትለው፣ ወንዶቹ ሸምነው ባናውን፣ ዝተቱንና በርኖሱን ሰጥተውናል፡፡ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚሁ ሱፍ ስጋጃ ይሠራል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ያለ ማቅለሚያ ከበጉ ጀርባ የመጣ ቀለም ነው፡፡ የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው እየተባለ ይናቃል፡፡ ለሹራብ እውነት ነው፤ ለምንጣፍ ግን የሚፈለገው እንዲያው ሻካራና ሲረገጥ የሚነሣ ሱፍ ነው፡፡ የመካከለኛው ምሥራቁን የአዋሲ በግ ከመንዙ ጋር ለማዳቀል በመንግሥት ጣቢያዎች የተሞከረውም ከሥጋው ጋር ይህንኑ ሱፍ ለማሻሻል ታስቦ ነበር፡፡

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ መንዝ ብዙ ጽፏል፡፡ መጽሐፉ ብዙዎቻችን መደርደሪያ ላይ አለ፤ እንጠቅሰዋለን፣ እንከራከርበታለን፡፡ የመንዝ ሱፍ ግን ወለላችን ላይ የለም፡፡ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው፡፡ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፡፡ ዛሬ ማንም ሸማኔውን አይሰድብም፤ ሥራውን አለመግዛት ግን ጨዋ ሰው የሚሰድበው ስድብ ነው፡፡

ስጋጃው እንከን የለውም አልልም፡፡ ቀለም ከገባበት የሚለቅ አለ፤ ጠርዙ የተዛባ፣ ቅባቱ በደንብ ያልታጠበ፣ መጠኑ ከተባለው የሚያንስ አለ፡፡ ምክንያቱም ገዢው መንገደኛ ነው፤ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ለመታሰቢያ ገዝቶ ይሄዳል፣ እቤቱ ሲደርስ ይሰቅላታል፡፡ ስጋጃውም እንደ መሶቡ ግድግዳ ላይ ወጣ! የሚረግጠው፣ የሚያጥበው፣ «ይህ ለቀቀ፣ ይህ ሳሳ» ብሎ የሚመልሰው ደንበኛ የሌለው ባለሙያ በምን ይሻሻላል? ባለሙያን የሚያሳድገው አድናቂ ሳይሆን ጠያቂ ገዢ ነው፡፡

የሚገዛ አቅም ያለው ደግሞ አለ፡፡ ከአዲስ አበባ ስንመለስ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች በበርበሬና በሽሮ እንሞላለን፤ ይሁን፣ እኔም እሞላለሁ፡፡ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና የማኅበር አዳራሾቻችን ወለል በወለል ምንጣፍ ይገዛሉ፡፡ ከዚያ ውስጥ መቅደሱን፣ ሚህራቡን ወይም የሽማግሌዎች መቀመጫውን ብቻ በደብረ ብርሃን ስጋጃ ለመሸፈን በጋራ ቢያዝዙ፣ መጠኑን፣ አስተጣጠቡንና የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ቢዋዋሉ፣ ግማሹን ቀድመው ቢከፍሉ፣ ለፈታይዋ ከብዙ ፌስቲቫል የሚበልጥ ነገር ያደርጋሉ፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንል የለ? ድሩ በእርግጥም ድር የሆነበት ጉዳይ እነሆ፡፡

የተሰቀለ ባህል አቧራ ይይዛል፤ የሚኖረው የሚረገጠው፣ የሚያልቀውና እንደገና የሚታዘዘው ነው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡