የወዳቂው ጥበብ፦ ሬስሊንግ ከጃናሞራ ሲታይ

ስለ ሬስሊንግ ከተጻፉ ሂሳዊ ድርሰቶች ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተሰኘ መጽሐፉ ውስጥ ያካተተው ነው። ባርት ሬስሊንግ ትርኢት እንጂ ስፖርት አይደለም ይላል። ተመልካቹ የሚመጣው አሸናፊውን ለመገመት ሳይሆን ሥቃይን፣ ሽንፈትንና ፍትሕን ፊት ለፊት ለማየት ነው። በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ባርት ከተመልካች ወንበር ሆኖ ያጠናው የሽንፈትን መልክ ነው፤ ሽንፈቱን በገዛ ጀርባው ሠርቶ የሚያቀርበው ሰው ዘንድ ብዙ አልቆየም። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ትርኢት ጋር ያቆራኘኝ ደግሞ ያ ሰው፣ ወዳቂው ነው።

አወዳደቁን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሙያው ግልጽ ነው። ሪንጉ ማለት በብረት ማገሮች ላይ የተረበረበ ሳንቃ፣ ከሳንቃው በላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያም የተወጠረ ሸራ ነው። ወዳቂው ማጅራቱ ቀድሞ እንዳያርፍ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ ትንፋሹን ያወጣል፤ ክንዶቹን ዘርግቶ ሸራውን በመዳፉ ይመታል፤ ክብደቱን በመላ ጀርባው ላይ ያከፋፍላል። ወደ ላይ ሲነሣም ዝም ብሎ አይነሣም፤ አንሺው ጎንበስ ሲል እርሱ በእግሩ ተስፈንጥሮ ያግዘዋል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው አየር ላይ የሚወጣው ሁለቱ ስለተባበሩ ነው። ከሁለት አንዳቸው ቢዘናጉ አንገት ይሰበራል። ጠላት መስሎ የሚታየው ሰው፣ በዚያች ቅጽበት የባላጋራውን አንገት ጠባቂ ነው።

«ውሸት ነው እኮ!» የሚለውን ክርክር በተደጋጋሚ የሰማሁት ደባርቅ ነው። ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ለትምህርት ሄደን፣ ቤት ተከራይተን፣ ከቤተሰብ በሚላክልን ስንቅ የምንኖር ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። አንደርቴከርን፣ ባቲስታን፣ ሬይ ሚስቴሪዮን፣ ጆን ሲናን ያወቅነው እዚያ ነው። ከሳሾቻችን ተሳስተዋል ለማለት አልችልም። ትርኢቱን የሚያቀርበው፣ ዛሬ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚባለው ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር ነፃ ለመሆን ሲል፣ የሚያቀርበው መዝናኛ እንጂ ውድድር እንዳልሆነ ለኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ተናግሯል። የጠፋብን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ነበር።

ያን ጥያቄ ያገኘሁት ከአያቴ ነው። ለክረምት ዕረፍት ስመለስ በስልክ የተጫነ ግጥሚያ አሳየኋቸው። ፉከራና ቀረርቶ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንዱ ታጋይ ማይክራፎን ጨብጦ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ሲዝት ነገሩን ወዲያው አወቁት። «እውነት ነው ወይ?» አላሉኝም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን፣ «የወደቀውስ ልጄ? ለሱ ማን ይፎክርለታል?» አሉኝ።

በፉከራ ባህል ላደገ ተመልካች የሬስሊንግ ወግ እንግዳ አይደለም። «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣ ሰው ግዳዩን ሲቆጥር ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም፤ የሚመዘነው ድምፁ፣ አቋሙ፣ ወኔውን ወደ አድማጩ ማጋባቱ ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም ሲጠራ ከዕለት ተዕለት ማንነቱ ከፍ ያለ ሌላ ሰው ይሆናል። ካሣ ኃይሉ አባ ታጠቅ እንደተባሉት ሁሉ፣ ማርክ ካላዌይ የተባለው የቴክሳስ ሰውም ሪንግ ውስጥ አንደርቴከር ነበር። በገና ጨዋታም ቢሆን ሜዳው ላይ እስካሉ ድረስ ጌታ ተመታሁ ብሎ አይቆጣም። ስምምነት ያለበትን ፍልሚያ እናውቀዋለን። ፉከራችን ቦታ የነፈገው ለተሸናፊው ነው። ተሸናፊው በፉከራ ውስጥ ድምፅ የለውም፤ የሚነሣው የገዳዩን ቁጥር ለማሟላት ብቻ ነው።

ከመካነ ብርሃን ብዙም የማትርቀው ደረስጌ ማርያም ለዚህ ምስክር ናት። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኳቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ጦርነትን ከትርኢት ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ በዚያ ሜዳ ማንም ለማንም ሊወድቅ አልተስማማም፣ የፈሰሰውም የሰው ደም ነው። ነገር ግን ዘውዱ የተደፋው ተሸናፊው ባሰናዳው ቦታ መሆኑን እኛ የአገሩ ልጆች እንኳ ስንናገረው አልሰማሁም። ስለ ቴዎድሮስ ስናወራ አድገናል። ስለ ውቤ ዝም ብለናል።

ይህ ዝምታ ወደ ልጆች ጨዋታም ይወርዳል። ከብት ስንጠብቅ ትግል እንገጥም ነበር፤ ጀርባው መሬት የነካ አበቃለት፣ ማታ መንደር ሲገባም መሳለቂያ ነው። እኔ ቀጭን ነበርኩና ብዙ ጊዜ የምወድቀው እኔ ነበርኩ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ መውደቅ ሙያ ሆኖ፣ ወዳቂውም በሥራ ባልደረቦቹ ተከብሮ ሳይ ምን እንደተሰማኝ ለማስረዳት ይቸግረኛል። መሸነፍ ያለ ውርደት ሊኖር እንደሚችል ከዚያ በፊት ያሳየኝ አልነበረም።

በዚህ ሚዛን ከማያቸው ግጥሚያዎች ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2019 በኒው ጀርሲ ሜትላይፍ ስታዲየም የተደረገው ነው። ኮፊ ኪንግስተን ጋና ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው፤ በ2008 ወደ ዋናው መድረክ ሲመጣ ግን ጃማይካዊ ተብሎ ቀረበ። የትውልድ አገሩ ስም እስኪመለስለት ከዓመት በላይ፣ ለዋናው ቀበቶ እስኪበቃ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ያን ምሽት ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብልዩ ደብልዩ ኢ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ልጆቹ ሪንጉ ውስጥ ገብተው አቀፉት። ሁሉም ያወራው ስለ እርሱ ነበር፤ ይገባዋል። የእኔ ዓይን ብራያንንም አለቀቀም። ብራያን በ2014 የሕዝብ ልጅ ተብሎ ዋናውን ድል የተቀዳጀ፣ በ2016 በተደጋጋሚ የጭንቅላት ጉዳት ሳቢያ ከሙያው የተሰናበተ፣ በ2018 ሐኪሞች ፈቅደውለት የተመለሰ ሰው ነው። ያን ሁሉ ፍቅር ትቶ፣ ወራት ሙሉ ትዕቢተኛና የሚጠላ ሰው ሆኖ ሠራ። ሕዝቡ ኮፊን በዚያ መጠን እንዲናፍቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የብራያን የመጠላት ችሎታ ነው። በዚያ ጉዳት ባለፈበት ጭንቅላት ሌላውን ሰው ለማንገሥ መውደቅ ከፍ ያለ የጥበብ ሥራ ነው።

የሥራው ዋጋ ግን የሚከፈለው በወዳቂው ገላ ነው። ጉልበት ያልቃል፣ አከርካሪ ይጎዳል፣ የተመታ አእምሮ እንደነበረ አይመለስም። ድርጅቱ ታጋዮቹን የሚያስተዳድረው እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን ራሳቸውን እንደቻሉ ተዋዋዮች መሆኑ ደግሞ ያሳዝነኛል። ደጋፊ ነኝ ማለት ይህን አልፎ ማየት ከሆነ ደጋፊነቱ ይቅርብኝ።

ኮፊ ቀበቶውን በ180ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2019፣ ለብሮክ ሌዝናር አስረከበ። ግጥሚያው የፈጀው አሥር ሰኮንድ ገደማ ነው። መሸነፉን አልቃወምም፤ እያንዳንዱ ሻምፒዮን አንድ ቀን ይወድቃል። የምቃወመው አወዳደቁን ነው። ብራያን ለመውደቅ ከሃያ ደቂቃ በላይ ተሰጥቶት ነበር፤ በዚያ ውስጥ ተስፋ አደረገ፣ ተቆጣ፣ ፈራ፣ ተሸነፈ። ለኮፊ ሽንፈቱን ሠርቶ የሚያሳይበት ፋታ አልተሰጠውም፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ጉዳዩ የረባ ታሪክ ሳይወጣው ተዘለለ። አሥራ አንድ ዓመት ሌሎችን በጀርባው ሲያነግሥ የኖረ ሰው የራሱን ውድቀት የመተወን መብት ነበረው። በኖቬምበር ከጓደኛው ከቢግ ኢ ጋር የጥንድ ሻምፒዮናውን መልሶ ሲያገኝ ከልቤ አጨበጨብኩለት፤ በድርጅቱ ላይ የያዝኩት ቂም ግን እስካሁን አልበረደልኝም።